ሰማዩ እና ቡናው

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ጅማ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አባቴ ፋኖሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ «በሽተኛ ነው! በሽተኛ ይዘናል!» እያለ ሲጮህ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ሰዓት እላፊ ነበር። በዚያ ጨለማ የሚንቀሳቀስ ሰው በቅድሚያ የሚሰማው «ቁም!» የሚለውን ነው። አባቴ ጥበቃዎቹ ፊቱን ከሩቅ እንዲለዩት ፋኖሱን ወደ ጉንጩ ያስጠጋዋል፤ የጎረቤታችን ጋሪ ከኋላው ቀስ እያለ ይከተለዋል። እናቴ ጋሪው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእኔ ሥራ የነጠላዋ ጫፍ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ መያዝ ነው።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ድሬሰሩ እንቅልፉን ከዐይኑ ሳያራግፍ ኩራዙን ወደ ክንዷ ያቀርብና ደም ሥሯን ይፈልጋል። መርፌው አሚኖፊሊን ይባላል። አይቸኮልበትም፤ በፍጥነት ከገባ ልብን ያውካል። ድሬሰሩ ዐይኑን ከእጅ ሰዓቱ ሳያነሳ በአውራ ጣቱ እጅግ በቀስታ ይገፋዋል። እኔ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ የእናቴን ከንፈር አያለሁ። አመድ የመሰለው ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀለም ሲያወጣ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ይላል። ወደ ቤት የምንመለሰው ሲነጋጋ ነው። እናቴ በመንገድ ላይ የሚያገኟትን ሁሉ «ደህና አደራችሁ» ትላለች፣ ሌሊቱን ምንም ያልተፈጠረ ይመስል።

ቤት ውስጥ ያለን መድኃኒት በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ኪኒን ነበር፤ ቴዎፍሊን ከኤፌድሪን ጋር። ስትውጠው ደረቷ ትንሽ ይለቃታል፣ እንቅልፏ ግን ይሄዳል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። ቡና ስትቀዳ ሲኒና ማስቀመጫው እየተጋጩ ሲንቀጫቀጩ ማታ ኪኒኑን እንደወሰደች እናውቃለን። ከዚያ ሌላ ጥቁር አዝሙድ በማር ነበር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ነበር፣ ጠበል ነበር። አንዱንም አልንቅም። እናቴን በዚያ ሁሉ ክረምት ያቆያት ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ስላደረገላት ነው።

ሥራዋ ቡና ለቀማ ነበር። በአንድ መጋዘን ውስጥ ከሰላሳ ከአርባ ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ጆንያ በተገለበጠ ቁጥር አቧራው እንደ ጉም ይነሳል። ስትመለስ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አቧራ አለ። ከዕለታት አንድ ቀን ተቆጣጣሪው «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ብትሞቺብኝ ለማን ልነግር ነው?» ብሎ አስቀራት። በነጋታው እዚያው ቤታችን ደጅ ላይ ድንች መሸጥ ጀመረች። ቡና መቁላቱንም ለታላቅ እህቴ ሰጠቻት፤ ጭሱን ስለማትችለው ጀበናው እስኪወጣ ድረስ ውጭ በርጩማ ላይ ትጠብቃለች። በጅማ አንዲት ሴት ቡና ሲቆላ ከቤቷ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሰማያዊው ዕቃ ቤታችን የገባው በ1986 ዓ.ም. ነው። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ሠርታ ስትመለስ ለእናቷ ሽቶ፣ ለእናቴ ቬንቶሊን የተባለውን የሚነፋ መድኃኒት አመጣች። እዚያ የምትሠራበት ቤት ያለ ልጅ ሲጠቀምበት አይታ ነው የገዛችው። አነቃንቂው፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ስትስቢ ተጫኚው አለቻት። እናቴ ሁለት ጊዜ ፓፍ አደረገች። ሁላችንም አፍ አፏን እያየን ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ትከሻዋ ወረደ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እናቴ ዕቃውን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችውና ሳመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ሰማዩ» ሆነ። ሌሊት «ሰማዩን አቀብሉኝ» ስትል ማናችንም ምን እንደሆነ አንጠይቅም።

ጋሪ ቀረ፣ ፋኖስ ቀረ። በዚያ ደስታ ውስጥ ያላለፈ ሰው ሰማዩን ስለምን እንደ ታቦት እንደምናከብረው አይገባውም።

እኔ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ሰማዩን መላክ የእኔ ድርሻ ሆነ። መጀመሪያ በሁለት ወር አንድ ይበቃት ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ በወር አንድ ሆነ። ከዚያ በወር ሁለት። ደመወዝ በወጣ ማግስት ፋርማሲ እሄዳለሁ፤ ሁለቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በላዩ ስሟን ጽፌ፣ ጅማ ለሚወርድ ሰው አስይዛለሁ። ሰው ሲጠፋ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የአውቶብስ ረዳት እለምናለሁ። አንድም ወር አላጓደልኩም። ባለቤቴ ስትወልድ እንኳ ከሆስፒታል ወጥቼ የላክሁበት ወር አለ። እንዲህ ያለ ልጅ መሆኔ ያኮራኝ ነበር።

ባዶዎቹን እናቴ አትጥላቸውም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታጠራቅማቸዋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ያተነፈሰኝን እንዴት ቆሻሻ ላይ እጥላለሁ?» አለችኝ።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ሳለ ባሰባት። ሰማዩ ሦስት ሰዓት እንኳ አላቆይ አላት። ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ደረቷን ከፊት ከኋላ አዳምጦ ሲጨርስ ማንም በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቆን የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«እማማ፣ ይሄን ሰማያዊውን በወር ስንት ይጨርሳሉ?»

እኔ ቀድሜ መለስኩ። «ሁለት። አንዳንዴ ሦስት። እኔ ነኝ የምልክላት ዶክተር፤ አቋርጬባት አላውቅም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንዱ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ ያውቃሉ? ሁለት መቶ ነው» አለኝ። ወረቀት ላይ ጻፈው። ሁለት ሲሆን 400። ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ከ13 በላይ። ቁጥሩን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠግቶ እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ወጥ ቤት ጭስ ሲሞላ መስኮት ይከፍታሉ አይደል? ሰማያዊው መስኮት መክፈቻ ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ሲያፍንዎት ይከፍትልዎታል። እሳቱ ግን እየነደደ ነው። የሳንባዎ ቧንቧ ውስጡ ተቆጥቷል፣ አብጧል፣ አክታ ሞልቶታል። እርስዎ በቀን አሥራ ሦስት ጊዜ መስኮት ይከፍታሉ፤ እሳቱን ማጥፊያ የሰጠዎት ግን የለም።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አያለሁ።

ያን ዕለት የታዘዘላት ቤክሎሜታሶን ነው። ዕቃው ቡናማ ነበርና በዚያው ቀን ስሙን አወጣችለት፤ «ቡናው»። ጠዋትና ማታ፣ ቢያማትም ባያማትም። ይህች «ባያማትም» የምትለዋ ነገር ናት ያስቸገረችን። እኛ መድኃኒት የምናውቀው ስንታመም ወስደን ሲሻለን የምንተወው አድርገን ነው። ቡናው ደግሞ ስትወስደው ምንም አይሰማትም። ደረቷን አይከፍተውም፣ እጇንም አያንቀጠቅጠውም። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ ይሄ አየር ነው የሸጡልህ» አለችኝ። በሳምንቱ ቀጠሮ ስንመለስ የክፍሉ ነርስ፣ ሁላችን ሲስተር የምንላት፣ እስቲ ሲወስዱት ልየው አለቻት። እናቴ አሳየቻት። መድኃኒቱ አብዛኛው ምላሷ ላይ ነው የሚቀረው።

ሲስተር ከመሳቢያዋ አንድ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ አወጣች። ከነክዳኑ ሳይሆን አንገቱን ለአፍ ትታ፣ ቂጡ ላይ ልክ የመድኃኒቱን አፍ የሚያህል ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ከፍታለታለች፤ ዙሪያውን ደግሞ አየር እንዳያሾልክ በፕላስተር አሽጋዋለች። ቡናውን አነቃንቃ ቀዳዳው ላይ ሰካችው፤ አንገቱን ለእናቴ ሰጠቻት። «አንዴ ልጫነው፣ እርስዎ አይቸኩሉ፤ ዝም ብለው በረጅሙ ይተንፍሱ፣ አምስት ስድስት ጊዜ።» ፕላስቲኩ ውስጥ ስስ ጉም ሲሞላና እናቴ ስትስበው ደግሞ ሲጠራ በዐይኔ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒቱ ወዴት እንደሚሄድ ታየኝ። ሲስተር ሲያበቃ አንድ ኩባያ ውሃ ሰጠቻት፤ ይጉመጥመጡና ይትፉት፣ አለዚያ አፍዎ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣብዎታል አለቻት። ይህ የሃይላንድ ነገር የድህነት ዘዴ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የኬፕታውን ሐኪሞች በሕፃናት ላይ ሞክረውት፣ በደንብ የታሸገ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ከፋብሪካው ዕቃ እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ማውጣታቸውን ያወቅሁት።

ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ነቃሁ። አሥር ሰዓት ነው። ጆሮዬ ለሠላሳ ዓመት የለመደውን ድምፅ ፈለገ፤ የለም። ሳል የለም፣ ሲር ሲር የለም፣ አልጋ ሲንቋቋ የለም። ደነገጥሁ። ባዶ እግሬን ሄጄ በሯ ላይ ቆምኩ። መብራት ለማብራት ፈራሁ። ጨለማው ውስጥ ዐይኔ እስኪለምድ ቆሜ ሳይ ብርድ ልብሱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። በጀርባዋ ተኝታለች። እናቴ በጀርባዋ ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ግማሽ ተቀምጣ ነበር የምታድረው።

ጠዋት ቁርስ ላይ ብዙ ቆየችና «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት?

ስለ እናቴ ሕመም፣ ስለ አስም፣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚነፋው ዕቃ መነሻው የልጅ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የነበሩትን ጆርጅ ሜሰንን አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጃቸው የአስም መድኃኒት እንደ ፀጉር ስፕሬይ በቆርቆሮ የማይሆነው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው፤ በማግስቱ ዓመት ዕቃው ተሠርቶ ገበያ ላይ ዋለ። ሳልቡታሞል፣ ማለትም የእናቴ ሰማይ፣ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣ። የሚነፋው ቤክሎሜታሶን፣ ማለትም ቡናው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ሁለቱም ከአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ምርምሩን የመሩትም አንድ ሰው ናቸው፣ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ጃክ። የሦስት ዓመት ታላቅና ታናሽ እንደማለት ነው። ታላቁ ባሕር ተሻግሮ፣ በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ፣ በጅዳ ዞሮ እኛ ቤት ገባ። ታናሹ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ይህን 1972 የሚለውን ቁጥር ሳየው የማነበውን መጽሐፍ አጠፍሁት። የእነሱ 1972 እና የእኛ 1972 አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ። ይኸውም አባቴ በዚያ ክረምት ፋኖስ ይዞ ሲጮህ፣ እሳቱን የሚያጠፋው መድኃኒት ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጦ ነበር። በጊዜው አገራችን ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ሳስብ ማንንም በስም አልወቅስም። በዚያ ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር ያለውን ሁሉ ሰጥቶናል። ግን ያማል።

ይበልጥ የሚያመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም በዚያኛው ውስጥ እኔም አለሁበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊንላንድ ሐኪሞች አስም ገና የጀመራቸውን 103 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ እንደ ሰማዩ ያለውን መክፈቻ ብቻ፣ ለግማሾቹ እንደ ቡናው ያለውን መከላከያ ሰጥተው ሁለት ዓመት ተከታተሉ። መከላከያውን የወሰዱት በግልጽ በለጡ። ፊንላንድ ይህን ይዛ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአገር ፕሮግራም አደረገችው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ በአስም ሆስፒታል የሚተኛበት ቀን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የካናዳ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት፣ በዓመቱ ውስጥ እያንዳንዱ ተጨማሪ የመከላከያ ዕቃ በአስም የመሞትን ዕድል በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ሰማያዊውን ብቻ አብዝቶ የሚወስድ ሰው ሳንባው መድኃኒቱን እየለመደው፣ ለሚያስነሳው ነገርም እየባሰበት እንደሚሄድ ታወቀ። ዛሬ ሐኪሞች በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ የጨረሰን ሰው ማስጠንቀቂያ አድርገው ያዩታል፤ አሥራ ሁለት ከደረሰ የሞት አደጋ አለው ይላሉ። በዓመት ነው። እኔ በዓመት ሃያ አራት እልክ ነበር።

የገዛ ከተማችን ሳይቀር ላንሴት ላይ ወጥታለች። የማነብርሃንና ባልደረቦቻቸው ጅማ ከተማንና የገጠሩን መንደሮች ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ሲር ሲር የሚለውም አስሙም ከገጠሩ ይልቅ ከተማ ውስጥ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ምናልባት የእኛንም ደጅ አንኳኩተው ይሆናል። እናቴ ድንች ከምትሸጥበት ተነስታ «አዎ ልጆቼ፣ አለብኝ» ብላቸው ይሆናል።

ጅማ ስትመለስ ሁለት ቡና፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይዛ ሄደች። ያ ከጥቅምት የጀመረችው ሰማይ እስከ ሚያዝያ አቆያት። በፋሲካ ጅማ ስወርድ በሩ ላይ የቡና ጭስ ተቀበለኝ። እህቴ ውጭ ቆማ በነጠላዋ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ገባሁ። እናቴ ብረት ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ ቡና ትቆላለች፤ ፍሬው ሲንጣጣ ምጣዱን አንስታ ለእንግዳው ሁሉ እያዞረች ታስሸትታለች። ሳል እንዳይጀምራት ፈርቼ መስኮቱን ልከፍት ስል «ተወው!» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጣችውን በአንድ ጊዜ ልትስበው ነበር የፈለገችው። ጭሱ ለአስም ደግ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሐኪሟም ሲሰማ ተቆጥቷታል። ግን ያን ቀን መስኮቱን አልከፈትኩትም።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ሐኪሞች ሥልጠና ልጆቹን እያስመረቀ ነው፤ ያኔ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ዛሬ በርክተዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሰማያዊው ከወጣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ቃሉን ለወጠ፤ ለትልልቅ ሰዎችና ለወጣቶች ሰማያዊውን ብቻውን መስጠት ይቅር አለ። አስሙ ቀላል የሆነ ሰው እንኳ መከላከያ ያለበት መድኃኒት ይውሰድ፣ ሁለቱን በአንድ ዕቃ የያዘም አለ ብሎ ጻፈ።

እኛ ሰፈር ግን ፋርማሲ ገብቼ ሰማያዊውን ስጠይቅ ያለ ማዘዣ፣ ያለ ጥያቄ፣ በአንድ ደቂቃ ይሰጠኛል። ቡናማውን በማዘዣ ይዤ ሦስት አራት ፋርማሲ «የለም» የተባልኩበት ወር አለ። ሲገኝም ዋጋው ከሰማያዊው እጥፍ ድርብ ነው። በቀን ሠርቶ በቀን የሚበላ ሰው በአምስት ደቂቃ የሚያስተነፍሰውንና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ሥራው የሚታየውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛውን እንደሚገዛ መጠየቅ አያስፈልግም። የሁሉንም ዓይነት መከላከያ ዋጋ ሰማያዊው ዋጋ ላይ ማውረድ የማይቻል ነገር አይመስለኝም። ለዚህ ነገር ድምፁን የሚያሰማ ሰው ለምን እንደጠፋ አላውቅም፤ ምናልባት አስም ያለበት ሰው ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ ስለሌለው ይሆን?

የእህቴ ልጅ ግን ገንዘብ አላጣችም። አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች፤ አስሙን ከአያቷ ወርሳለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከሊፕስቲኳ ጎን ሰማያዊው አለ። ባለፈው ጥር እናቴ ለጥምቀት እኔ ዘንድ መጥታ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሳለ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ልጅቱ ብድግ ብላ ወጣች፤ ኮሪደር ላይ ፓፍ፣ ፓፍ አደረገችና ተመለሰች። እናቴ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ያን ድምፅ ግን ከሦስት ክፍል ማዶ ትለየዋለች።

«ቡናውስ?» አለቻት።

«አለ እማማዬ። መሳቢያ ውስጥ።»

«መሳቢያ ነው የሚታመመው?»

ልጅቱ ትንሽ አፈረች። ስቴሮይድ ነው፣ ያወፍራል ይላሉ፣ ደግሞ ምንም ለውጥ የለውም አለች። እኔ ጣልቃ ገባሁ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ እንዳሳየኝ እኔም ወረቀት ፈለግሁ። ሲብስ ሆስፒታል ገብተሽ የሚሰጡሽ ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም ነው፤ ይሄ ማለት 40,000 ማይክሮግራም በደምሽ ሰውነትሽን ሁሉ ይዞራል። ቡናማው በትንሹ መጠን በቀን ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም ነው፤ እሱም አብዛኛው የሚሠራው እዚያው ሳንባሽ ላይ ነው። የምትፈሪው ነገር የሚያመጣብሽ ቡናማውን መተውሽ ነው፣ ምክንያቱም ስትተዪው ነው ለትልቁ የምትዳረጊው አልኳት። ቁጥሩን ዝም ብላ አየችው። በስልኳም ያነበበችው ነው መሰለኝ፣ አልተከራከረችኝም። እውቀቱ ከእሷ አልራቀም። እኛ ያኔ ያጣነው መድኃኒቱን ነበር፤ አሁን ግን መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ማጣት የባሰ መሰለኝ።

እናቴ ቁጥሩን አልተከተለችም። ብቻ ከጉዞ ቦርሳዋ የራሷን ፕላስቲክ አወጣች፤ ስንተኛዋ እንደሆነ አላውቅም፣ ፕላስተሩ አዲስ ነው። ልጅቱን አጠገቧ አስቀምጣ ቡናውን አስመጣቻት። አነቃነቀችው፣ ሰካችው። «አትቸኩይ» አለቻት፤ ሲስተር ያኔ ለእሷ ባለቻት ድምፅ። ፕላስቲኩ ጉም ሞላ፣ ልጅቱ ሳበችው፣ ጠራ። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱና ተጉመጠመጡ።

ሲመለሱ እናቴ ልጅቱን እጇን ይዛ «በወር ስንት ትጨርሻለሽ ሰማዩን?» አለቻት።

«እንጃ እማማዬ። ቆጥሬው አላውቅም።»

«ሰው የለሽማ» አለቻት እናቴ፤ ወደ እኔም ዞራ ፊቷ በራ። «የኔን እሱ ነበር የሚቆጥርልኝ። በየወሩ ሁለት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ስሜን ጽፎበት። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አጓድሎብኝ አያውቅም።»

ሲኒዬን አንስቼ ጠጣሁ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።